ለቡ ያየሁት ቪላ ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ቀብድ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ተከራዩ
ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

11 ዓመት በኪራይ ኖሬአለሁ። አምስት ቤት ቀይሬአለሁ። ባለቤቴ ከእንግዲህ ፍራሽ አስጭኜ ግቢ አልቀይርም ብላለች፤ እውነቷን ነው። ያለንን አሟጠን፣ ወንድሜ ከውጭ የላከልንን ጨምረን፣ ለቡ አንድ ቪላ አገኘን። 200 ካሬ ነው። ሦስት መኝታ አለው፤ ከጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል። ካርታው ንጹህ ነው። ዕዳና እገዳውን አጣርቻለሁ። ከተሠራ 13 ዓመቱ ነው አሉኝ።

ቅዳሜ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ገና ይሸታል። ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የ2013 ካላንደር ተሰቅሏል። ልብ በሉ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። ካላንደር ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ሰው አለ? እኔ አላየሁትም ነበር፣ ባለቤቴ ናት ያየችው። ሰውየው ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል ገለጥ አደረገችው። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። ቀለም ሞልተውበት ነበር፤ መልሶ ተከፍቷል። የቁልፌ ጫፍ ገባ።

ሌላው የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው። የላይኛው ጠርዝ ተልጓል። በማጠፊያው በኩል አልተነካም። በእጀታው በኩል ግን የትንሿን ጣቴን ውፍረት ያህል ተቀንሷል። ቫርኒሽ እንኳ አልደገሙበትም፣ ነጩ እንጨት ይታያል።

ደላላው "የልስን ስንጥቅ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ቤት ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ" ብሎ ሳቀ። ሻጩ ደግሞ እስከ አርብ 500 ሺህ ብር ቀብድ ካልከፈልክ ሌላ ገዢ አለ ይላል።

ይሄ ነገር ከመሠረቱ ነው ወይስ ከልስኑ? በምን ይታወቃል? እባካችሁ የምታውቁ።

ጋሽ ቱምቢ
ኅዳር 9

ልጄ፣ መጀመሪያ አርብን እርሳት። "ሌላ ገዢ አለ" የሚባለው ገዢ እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አለ፤ እስካሁን ቤት አልገዛም።

እኔ 34 ዓመት ግንባታ ላይ ነው ያረጀሁት። በግንበኝነት ጀምሬ ፎርማን ሆኜ ነው የተቀመጥኩት። ደላላው የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ብሎኬት ከኮለን፣ ከአርማታው ምሶሶ ማለቴ ነው፣ ጋር በሚገናኝበት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን መስመር አለ። ከቢም፣ ማለትም ከአግድሙ የአርማታ ተሸካሚ፣ ሥር በአግድም የሚሄድም አለ። እነዚህ የእኔም ቤት ላይ አሉ። አርማታና ብሎኬት እኩል አይሞቁም፣ እኩል አይቀዘቅዙም፤ በመጋጠሚያቸው ይላቀቃሉ። አያስፈራም።

ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ግን ሌላ ዘር ነው። ግድግዳ የሚደክመው ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ነው። የቤቱ አንድ ጎን ሲነሳ ወይም ሲወርድ የመጀመሪያው እንባ የሚወጣው ከመስኮትና ከበር ጥግ ነው።

ለቡን ደግሞ አውቀዋለሁ። ቤት ሳይሞላው እርሻ ነበር። አፈሩ መረሬ ነው፣ ጥቁሩ። ገበሬ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፣ ያውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ለምን? አፈሩ የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፣ ሽምብራው በዚያ እርጥበት ያድጋል። ለሽምብራ የተባረከ መሬት ነው። ለቤት ግን ጣጣ ነው። በግንቦት ሜዳው ላይ ብትሄድ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለህ። ሐምሌ ላይ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። ላዩ ላይ ያለው ቤትም አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። እኩል ቢነሳ እኩል ቢወርድ ምንም አልነበረም። ችግሩ ዳር ዳሩ ዝናብና ፀሐይ ያገኘዋል፣ መሃሉን ግን ቤቱ ራሱ ከልሎታል። ስለዚህ ቤቱ በየዓመቱ ይታጠፋል ማለት ነው።

አሁን ምን ወር ነው? ኅዳር። መሬቱ ክረምቱን ጠጥቶ ገና እንዳበጠ ነው። ሰው ጥቅምት ላይ ቤት አስቀብቶ የሚያሳየው ለገና ደምቆ እንዲቆይ ይመስልሃል? ስንጥቁ የሚጠበው ያኔ ነው። ያንተ ደግሞ ቀለሙ ሽታው ሳይጠፋ ተከፍቷል። መሬቱ ዳር ዳሩን መድረቅ ጀመረ ማለት ነው። ግንቦት ላይ በቁልፍ ሳይሆን በማንኪያ ትለካዋለህ።

ስትመለስ ቤቱን አትይ። አጥሩን እይ። የአጥር መሠረት ማንም ጠለቅ አድርጎ አይቆፍርም፤ ቀላልም ስለሆነ አፈሩ እንደፈለገ ያነሳዋል። መሬቱ ምን እንደሚሠራ አጥሩ ላይ ተጽፎልሃል። በውጭ በኩል ዙር፣ የውጩን የሚቀባ የለም። የጎረቤቶቹንም እይ። አራት አምስቱ አጥር ተሰንጥቆ ከተዘመመ ጠላትህ ሻጩ አይደለም፣ መሬቱ ነው።

ከዚያ ውስጡን የሚያሳይ 20 ሜትር ቱቦ ግዛ። ውሃ ሙላበት፣ አየር እንዳይቀር። አንዱን ጫፍ ባለቤትህ ትያዝ፣ ሌላውን አንተ ይዘህ ከመስኮት መስኮት ዙር፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ በአንድ ልክ ነው የሚቆመው። ወለሉን አትለካ፣ ወለል ሲሠራም ሊዘነበል ይችላል። የመስኮቶቹን ደፍ ለካ። ሲሠሩ በአንድ ልክ ነው የሚቀመጡት። ልዩነቱን ጻፍና እዚህ አምጣው።

የሲኤምሲ ጎረቤት
ኅዳር 10

ጋሽ ቱምቢ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የት ነበሩ?

እኔ አዲስ ቤት ነው የገዛሁት፣ ከአንድ አልሚ። ስሙን አልጠራም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ባሌ መሬት ላይ ተኛ፣ እኔ ልጆቹ ጋ ሮጥኩ። ጠዋት ስናይ የኩሽናው ሴራሚክ ነው። ሁለት ረድፍ እንደ ድንኳን ተነስቷል፣ ጫፍና ጫፉ ተደጋግፎ ቆሟል። ስረግጠው ባዶ ድስት ይመስል ነበር።

አስቆፈርነው። ከሊሾው ሥር ትንሽ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ ስንዝር የማይሞላ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ የሚሞላው አፈር)፣ ከዚያ ጥቁሩ አፈር። ጥቁሩን አውጥተው መሙላት ሲገባቸው ላዩ ላይ አልብሰውታል። በዚያ ላይ ወደ ማጠቢያው የሚሄደው ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። ስንት ወር እንዳጠጣው እግዜር ይወቀው። የውሃ ቢላችን ግን ነግሮን ነበር፣ እኛ ቆጣሪው ተበላሽቷል እያልን ስንሳደብ ነበር።

አልሚው ምን አለ? "ቧንቧውን ያልጠበቃችሁት እናንተ ናችሁ።" ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። በመጨረሻ ራሳችን ሠራነው። ሦስት ወር ሳሎን ውስጥ በሲሊንደር እየቀቀልን።

ወንድሜ፣ ስትሄድ ሴራሚኩን በሳንቲም ኳ ኳ እያደረግክ ዙር። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ምልክት አድርግ። ሰው ይስቅብህ ይሆናል፣ ይሳቅ። የውሃ ቆጣሪውንም ቧንቧ ሁሉ ዘግተህ ቁመህ እየው። ከዞረ የሆነ ቦታ ይፈሳል።

ስትራክቸራል ነኝ
ኅዳር 10

ጋሽ ቱምቢ ያሉት አብዛኛው ትክክል ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም፤ እሳቸው ሳይሆኑ ጠያቂው ነው የበሩን ነገር ትልቅ ያደረገው። የመታጠቢያ ቤት በር በእንፋሎት ያብጣል። ስለተላገ ብቻ መሠረት ተበላሽቷል አይባልም። የመኝታ ቤቶቹን በሮች እይ። በሩ ሲዘጋ ከክፈፉ ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ከሆነ፣ ያኔ ክፈፉ ራሱ ተጣሟል።

ስፋቱን በቁልፍ አትለካው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀለምና የልስን ጉዳይ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ካለፈና ከውስጥም ከውጭም በተመሳሳይ ቦታ ከታየ ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አይነካም።

የወለል ማበጥና የመሠረት መንቀሳቀስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የሲኤምሲዋ እህታችን ያጋጠማት ወለል ነው፤ ኮለኖቹ አልተነቃነቁም ይሆናል። አስቀያሚ ነው፣ ግን ይድናል። ፉቲንጉ (ኮለኑ የሚያርፍበት የመሠረት እግር) ራሱ ሲንቀሳቀስ፣ ወይም ግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን ከሥር የሚያያይዘው አርማታ) በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ ተኝቶ አፈሩ ከሥር ሲገፋው፣ ያ ነው ወጪ ያለው። ከፉቲንጉ ሥር ክፍል በክፍል እየተቆፈረ ኮንክሪት ይሞላል። ይቻላል። በወጪው ግን እንኳን ያለውን አሟጦ የገዛ ሰው፣ ሀብታምም ያማርራል።

ማወቅ የምትችለው በጉድጓድ ነው። ከአንዱ ጥግ ኮለን አጠገብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አስቆፍር፣ ፉቲንጉ እስከሚያርፍበት ድረስ። የጥቁር አፈር ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፉቲንጉ ጥቁሩን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ካረፈ ተመስገን በል። ጥቁሩ ውስጥ ከተንሳፈፈ ሌላ ወሬ አያስፈልግም።

ላብራቶሪ ካልፈለግክ ቀላል ሙከራ አለ። ከጉድጓዱ አፈር ውሰድ፣ አድርቀህ ደቁሰህ በወንፊት ንፋ። መስመር ባለው 100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውሃ ሙላና 10 ሚሊ ሊትር አፈር ቀስ ብለህ ጨምርበት። በማግስቱ እየው። አፈሩ 20 ላይ ከደረሰ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ቀላል ቤቶችን በደንብ ይጎዳል። 15ን ካላለፈ ብዙም አያሰጋም።

የሕጉንም ነገር ላንሳ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩን ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል። ያንተ ቤት 13 ዓመቱ ነው። አልፏል።

ዳላስ
ኅዳር 11

የሚገርማችሁ እዚህም ያው ነው። ዳላስ ስገባ መሬቱን አይቼ አዳ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። ጥቁር፣ በበጋ የሚሰነጠቅ። የቴክሳስ ግዛት መለያ የሚባለው አፈር እንኳ ይሄው ዓይነት ነው፤ ሂውስተን ብላክ ይሉታል። ቤቱ ሁሉ ስላብ ላይ ነው፣ መሬት ላይ የተነጠፈ አንድ ወጥ አርማታ። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ሲከር ሰዉ ሣሩን ትቶ የቤቱን ዙሪያ ያጠጣል። ቀዳዳ ያለው ጎማ በመሠረቱ ዳር ዳር ዘርግቶ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ "ቤት ውሃ ይጠጣል እንዴ?" አለችኝ። ይጠጣል እማዬ።

የተማርኩትን አንድ ነገር ላካፍልህ። እኔ የገዛሁት ቤት አንዴ በፒላር፣ ከመሠረቱ ሥር በሚተከል ምሶሶ፣ ተነስቶ ነበር። የጠጋኙ ድርጅት መጥቶ በነፃ አየልኝና "14 ፒላር ያስፈልግሃል" አለ። ጓደኛዬ ፒላር የማይሸጥ ኢንጂነር ቅጠር አለኝ። ጥቂት መቶ ዶላር ከፈልኩት። ልኬቱን ወስዶ "ምንም አትንካ፣ የጣሪያውን ውሃ ከቤቱ አርቅ፣ ዛፉን ቁረጥ" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የሚያይልህ ሰው ከጥገናው የማያተርፍ ይሁን። እዚያም ከደላላው ጋር የመጣ "ኢንጂነር" አትቀበል።

ሌላው፣ እዚህ ውል ከፈረምክ በኋላ ትንሽ ገንዘብ ከፍለህ የተወሰኑ ቀናት ታገኛለህ። በእነዚያ ቀናት አስመርምረህ ካልወደድክ ያለምንም ምክንያት ትወጣለህ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ስትራክቸራል ነኝ
ኅዳር 11

ልማዱ የለም፣ ግን ውሉ ላይ መጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። ካልተጻፈ የቀብድ ሕግ ነው የሚሠራው፦ ገዢ ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከተወው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከፍሎ ማስመርመር ማለት 500 ሺህ ብር ይዞ ቁማር መቀመጥ ነው። "በምርመራ የመሠረት ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል አንድ መስመር አስገባ። ሻጩ ያንን መስመር ሲያነብ ፊቱን ተመልከት፣ ከጉድጓዱ ይበልጥ ይነግርሃል።

ተከራዩ
ኅዳር 16

ይቅርታ ዘገየሁ። አርብ አልከፈልኩም። ቅዳሜ ቱቦ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ አጥሩን። ጋሽ ቱምቢ፣ እንዳሉት ነው። ከኋላ በኩል ብሎኬቱ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ተከፍቷል፣ ከላይ ወደ ታች። የጎረቤት ልጅ ስሊፐሩን ሰክቶበት ነበር። ቀኝ ያለው ጎረቤት አጥር ደህና ነው። ግራ ያለው ደግሞ በእንጨት ተደግፏል።

ከዚያ ቱቦው። ባለቤቴ የፊት መስኮት ጋ ያዘች፣ እኔ ዞርኩ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ መጀመሪያ ላይ አየር ነበረበት። ከፊት ለፊቱ ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ 4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። የኋላው ነው የተነሳው። ሻጩ በር ላይ ቆሞ "ምን እየሠራችሁ ነው?" ይላል። ባለቤቴ "መጋረጃ እየለካን" አለችው። በውሃ ቱቦ መጋረጃ!

ከኋላ አሸንዳው ቀኝ ጥግ ላይ ተሰብሯል፤ የግማሹ ጣሪያ ውሃ አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ሴፕቲኩም እዚያው ጥግ ነው፣ ከቤቱ ሁለት እርምጃ። ዘበኛውን ሻይ ጋብዤው ነበርና "ክረምት ክረምት ይሞላል፣ እኔ ነኝ የምቀዳው" አለኝ።

ኢንጂነር፣ የመኝታ ቤቶቹን በሮች አየሁ። የትልቁ መኝታ በር ክፍተት ከላይ አውራ ጣቴን ያስገባል፣ ከታች ወረቀት አያስገባም።

ጉድጓድ ላስቆፍር፣ መልሼ አስደፍናለሁ፣ ወጪው የእኔ አልኩት። "ግቢዬን ለማንም አላስቆፍርም" አለ። የቀብዱን መስመር ለደላላው በስልክ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ "አንተ ቤት ሳይሆን ምክንያት ነው የምትፈልገው" ብሎ ዘጋብኝ።

ጋሽ ቱምቢ
ኅዳር 16

ጎሽ። 4 ሳንቲ ሜትር በዚያ ቤት ስፋት ብዙ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የነገርከኝ ሁሉ ውሃ ነው። አሸንዳው ውሃ፣ ሴፕቲኩ ውሃ። ሁለቱም እዚያው በተነሳው ጥግ ላይ። ሴፕቲኩን አርቆ፣ አሸንዳውን ሠርቶ፣ የቤቱን ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውጭ አዘንብሎ በአርማታ ቢከድነው ምናልባት ይረጋ ነበር። የሚያስቆፍር ሻጭ ቢሆን ኖሮ፣ ዋጋውንም ቢቀንስ ኖሮ፣ መጥቼ ባየሁልህ። አላስቆፍርም ካለ ግን ምን እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ተወው።

የሲኤምሲ ጎረቤት
ኅዳር 17

ባለቤትህን ሳምልኝ። መጋረጃ!

ተከራዩ
ታኅሣሥ 4

ለጠየቃችሁኝ፦ አልገዛነውም። አሁን አየር ጤና በኩል አንድ ቤት እያየን ነው፤ ኢንጂነር፣ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ከተመቸዎት።

ትናንት የለቡው ዘበኛ ደወለልኝ። ቤቱን ለሌላ ሰው እያሳዩት ነው አለ። የመታጠቢያ ቤቱ በር በአዲስ ተቀይሯል። ካላንደሩም ተቀይሯል፣ የ2018 አድርገውታል። የሰቀሉት ግን እዚያው ቦታ ነው።